በቀይ ደም ላይ የሚኖረው ተቀባይ፦ ስለ ብግነት፣ ስለ ወባና ስለ ፈውስ በኒሯቅ የተደረገ ዲስኩር



ስለ ወባ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ስለ አጎበርና ስለ ቤት ርጭት ዘወትር የምትሰሙትን ምክር ደግሜ እንዳሰማችሁ አልመሰለኝም፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችሁ ከእኔ ይልቅ አዘውትረውና አሳምረው ይነግሯችኋልና። እኔ ላቀርብላችሁ የተነሣሁት ነገር ከዚያ የረቀቀ ነው፤ ይኸውም በቀይ የደም ሕዋሳችን ገጽ ላይ ተተክሎ የሚኖር፣ እንኳን በዓይን በጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕም የማይታይ አንድ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሊቃውንተ ሕክምና የኬሞካይን ተቀባይ ከሚሏቸው ወገን ይቆጠራል፤ ስሙም ዳፊ ይባላል። ይህ ፕሮቲን አንድ ጊዜ ሰውነት ቁስልን ለማዳን የሚያነሣውን ቁጣ ሲያበርድ፣ አንድ ጊዜ ያንኑ ቁጣ ሲያግዝ፣ አንድ ጊዜ ለወባ ተውሳክ መግቢያ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባለመኖሩ ብቻ ጤነኛውን ሰው በሐኪም ፊት ሕመምተኛ ሲያስመስል ይገኛል። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያ ያለው ታሪኩ ከቀረው አፍሪካም ከአውሮፓም የተለየ ስለ ሆነ፣ በሌላ አገር ደም የተቆረጠ ሚዛን የእኛን ደም ሊመዝን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁለትም። ዓመታት ስጠቅስ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ከብግነት ልጀምር። በአበርገሌ ቆላ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ብላቴና የግራር እሾህ ውስጥ እግሩን ወግቶት ተሰብሮ ቢቀርበት፣ የመጀመሪያውን ቀን እያነከሰ ይውላል፤ በማግሥቱ ግን የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲዳስሱት ግሎ፣ ውስጥ ውስጡን ሲጠዘጥዘው ያድራል። እነዚህን አራት የብግነት ምልክቶች፣ መቅላትን፣ ማበጥን፣ መጋልንና መታመምን፣ በመጀመሪያው ምእት ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሰስ በአንድነት መዝግቧቸው ስለ ተገኘ፣ የሕክምና ተማሪ እስከ ዛሬ ድረስ ከእርሱ ተቀብሎ ያጠናቸዋል። ማታ እናቱ እሾሁን በመርፌ ጎርጉራ ስታወጣለት ከቁስሉ የሚወርደው መግል፣ ብዙ ሰው የበሽታ ቆሻሻ ነው ብሎ ቢጸየፈውም፣ የሚበዛው ክፍሉ ሰውነትን ለመከላከል ከደም ሥር ወጥተው እዚያው የሞቱ የነጭ ደም ሕዋሳት ሬሳ ነው። ኒውትሮፊል ይባላሉ፤ ከነጭ የደም ሕዋሳት ሁሉ በቁጥር የሚበዙት፣ በዕድሜም እጅግ አጭር የሆኑት፣ ለጥቃትም ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በደም ጎርፍ ተወስደው የሚዞሩት እነዚህ ሕዋሳት፣ ያቺን የእሾህ ቀዳዳ ከሌላው ገላ ሁሉ ለይተው እንዴት ያገኟታል የሚለው ነው። ቀፎ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ አንዲት ንብ ስትናደፍ ከነደፈችበት ስፍራ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ንቦች ጠርቶ በዚያው ቦታ ላይ ይሰበስባቸዋል፤ በሰውነታችን ውስጥ ኬሞካይን የሚባሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ይህን የመሰለ ሥራ ነው። እሾሁ ባክቴሪያ ይዞ ሲገባ፣ ከቆዳ ሥር በዘብነት የሚኖሩት ሕዋሳት ባዕዱን ለይተው ኬሞካይን ያመነጫሉ፤ ይህም ኬሞካይን በአቅራቢያው ያለውን የቀጭን ደም ሥር ግድግዳ አልፎ በውስጠኛው ገጹ ላይ ይሰፍራል፤ በዚያ የሚያልፈው ኒውትሮፊል በገጹ ላይ ባለው ተቀባይ ያንን ሲያገኝ፣ ፊት በግድግዳው ላይ ሲንከባለል የነበረው በድንገት ይቆማል፤ ከዚያም ገላውን አሳስቶና አቅጥኖ፣ በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ሾልኮ፣ ኬሞካይኑ ወደ በዛበት አቅጣጫ እየዳኸ ከቁስሉ ይደርሳል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች መካከል ኢንተርሉኪን 8 የተባለው፣ ኒውትሮፊልን በመጥራት የታወቀው፣ በ1987 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ኬሞካይኖችና ሃያ ገደማ የሚሆኑ ተቀባዮቻቸው ታውቀዋል።

ይህ ጥሪ ልኩን ሲያልፍ ግን ለማዳን የተነሣው ቁጣ ራሱ ደዌ ይሆናል። መገጣጠሚያን የሚያወላግደው የቁርጥማት በሽታ፣ የትንፋሽ ቧንቧን የሚያጠብበው አስም፣ በሳንባ ነቀርሳ ውስጥ ሳንባውን የሚቦረቡረው ጉዳት፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ስፍራው የተጠሩት ነጭ ሕዋሳት ከመጠን ያለፈ ሥራ የሠሩባቸው ናቸው። ስለዚህ ተፈጥሮ ከሚጠራው ጎን የሚያግደውንም አስቀምጣለች፤ ዳፊ ወደ ታሪኩ የሚገባውም በዚህ በኩል ነው።

ሌሎቹ የኬሞካይን ተቀባዮች ኬሞካይኑን ሲይዙ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋሉ፤ ሕዋሱም መልእክቱን ሰምቶ ይንቀሳቀሳል። ዳፊ ግን ይይዛል እንጂ መልእክት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ኢመደበኛ ከሚሏቸው ተቀባዮች የመጀመሪያውን ቁጥር ሰጥተውታል። ሌሎቹ ለጥቂት ኬሞካይኖች ብቻ ሲሆኑ፣ እርሱ ለብግነት የሚነሡትን ከሁለቱም ዐበይት ወገኖች ብዙዎቹን ይይዛል። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አራት ወይም አምስት ሚሊዮን ቀይ ሕዋሳት እንዳሉ፣ በእያንዳንዳቸውም ገጽ ላይ ብዙ ሺህ ዳፊ እንደ ተተከለ ስናስብ፣ በደም ውስጥ ተርፎ የሚንሳፈፈውን ኬሞካይን ምን ያህል ሊሰበስቡት እንደሚችሉ ይገባናል፤ ቀይ ሕዋስ ኦክስጅን ከማመላለስ በቀር ሌላ ግብር የሌለው ይመስል ለነበረው ዘመን፣ ኢንተርሉኪን 8ን እየያዘ ከደም የሚያነሣ ሆኖ በ1991 መታየቱ ያልተጠበቀ ነገር ነበር። ይኸው ዳፊ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲገኝ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ኬሞካይኑን ከሥጋው ወገን ተቀብሎ በግድግዳው ሕዋስ ውስጥ አሳልፎ ወደ ደሙ ወገን ያወጣዋል፤ ለሚያልፈውም ኒውትሮፊል ያሳየዋል። አንዱ ፕሮቲን በደሙ ላይ ሆኖ ጥሪውን ሲያደክም፣ በግድግዳው ላይ ሆኖ ጥሪውን ያደርሳል ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ በሥነ ፍጥረት ካነበብኋቸው ምሥጢራት ሁሉ ይህን የሚያህል ያስደነቀኝ ጥቂት ነው።

ስሙ የመጣው ከአንድ ሕመምተኛ ነው። ደሙ አልረጋ የሚል በሽታ የነበረበት፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው ዳፊ የተባለ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ፀረ አካል ስለ ተገኘበት፣ በ1950 እንግሊዝ አገር ማሪ ካትቡሽ፣ ፓትሪክ ሞሊሰንና ዶረቲ ፓርኪን የተባሉት ተመራማሪዎች አዲሱን የደም ዓይነት በስሙ ሰየሙት። በ1955 ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ብዙ አሜሪካውያን የዳፊ ምልክት ከቶ እንደሌላቸው ታየ፤ በ1968 ደግሞ ዘረመሉ በአንደኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም ከጾታ ክሮሞዞሞች ውጭ በሰው ላይ ሥፍራው የታወቀ የመጀመሪያው ዘረመል ነው። እንዲህ ሁሉ ሲሆን ግን ዳፊ ምን ይሠራል ለሚለው መልስ የሰጠ አልነበረም፤ ደም ለሚሰጡና ለሚቀበሉ ሰዎች መመሳሰል ከመፈለጉ በቀር።

መልሱ ከወባ መጣ። በአፍሪካ የወባ ሐኪሞች፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በእስያና በላቲን አሜሪካ ሲያይል፣ በምዕራብ አፍሪካ ግን ከሞላ ጎደል የማይታይ መሆኑን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያስተውሉ ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1975 ዳፊ የሌለው ቀይ ሕዋስ የዝንጀሮ ወባ ተውሳክ ሊገባበት እንደማይችል በላቦራቶሪ አሳዩ፤ በ1976ም ለቫይቫክስ የማይበገሩት ሰዎች ዳፊ የሌላቸው መሆናቸውን አስረዱ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎ፣ በ1993 ሪቻርድ ሆሩክና ጓደኞቹ የወባው መግቢያና የኬሞካይኑ ተቀባይ አንድ ነገር መሆኑን ገለጹ። የደም ዓይነት አጥኚው፣ የወባ ተመራማሪውና የብግነት ሊቅ በየበኩላቸው ለዘመናት ሲቆፍሩ ኖረው የተገናኙት ከአንድ ፕሮቲን ላይ ነበር። በ1995ም ክሪስቶፍ ቱርናሚ የሚባለው ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ የዳፊ መታጣት ምክንያት በዘረመሉ መነሻ ላይ አንዲት ፊደል መለወጧ መሆኑን አሳዩ፤ ይህች ፊደል ስትለወጥ፣ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ዘረመሉን የሚቀሰቅሰው ጋታ 1 የተባለ ፕሮቲን ስፍራውን ያጣል፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ግን ሌላ ቀስቃሽ ስላለ ዳፊው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ዳፊ የለውም የምንለው ሰው የሌለው በቀይ ደሙ ላይ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ወይም ከዚያም የሚበዛው ዳፊ የሌለው ሲሆን፣ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ሁሉም ማለት ይቻላል ያለው ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ያለውና የሌለው ተቀላቅሎ ይኖራል። መቀላቀሉም ከጎሣ ጎሣ ብቻ አይደለም፤ ዳፊ የሌለውን ዘረመል ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ዳፊ ስላለው፣ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት የወለዷቸው ልጆች አንዱ ያለው፣ ወንድሙ የሌለው ሆነው በአንድ መደብ ላይ ሊተኙ ይችላሉ። ማቲውስና አርምስትሮንግ የተባሉት ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ የዳፊ ደም ዓይነትና ስለ ቫይቫክስ ወባ በ1981 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ጉዳዩ በእኛ አገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲጠና መቆየቱን ያስረዳል። ከዚህ ድብልቅነታችን የተነሣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ ቫይቫክስ ከሚበዛባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ በብዙ ዓመታት ከወባ ሕሙማኖቻችን ከሦስቱ አንዱ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የቫይቫክስ ሕመምተኛ ሆኖ ይመዘገባል።

የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው በከንቱ እንዳልነበረ የ1958 እልቂት ምስክር ነው። በዚያ ዓመት ወባ ከልማዷ ውጭ ወደ ደጋው ወጥታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ እስካላቸው ስፍራዎች ድረስ ደርሳ፣ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንዳሳመመችና 150,000 ሰው እንደ ገደለች ተገምቷል። ገዳዩ በይበልጥ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ከእኛ በስተምሥራቅ በቆቦና በጨርጨር የወባ መከላከያ ሙከራ ተጀምሮ እንደ ነበር፣ ከእልቂቱም ማግሥት በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት መቋቋሙ የሚታወቅ ነው። በዘመናችንም ጠላቱ አልተኛም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው፣ 1,157 ሰዎች ሞተዋል።

እናንተ ያላችሁበት ምድር ደግሞ ለዚህ ነገር የራሱ ምክንያት አለው። በ2009 የተጠናቀቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ቆላዎች ተዘርግቶ፣ ዓሣ አጥማጅነትን ለማያውቅ ሕዝብ የዓሣ ገበያ ከፍቶለታል። ስለ ግድብና ስለ ወባ ግን ቀድሞ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴዎድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በትግራይ ያደረጉት ጥናት፣ በትናንሽ የመስኖ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ይህን የምለው ግድብ አይሠራ ለማለት እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ለጠማው ምድር ውሃ ጠላት አይባልም። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርደው ጎልማሳም ደመወዙን ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ከእርሱ ጋር በጉበቱ ውስጥ ተኝቶ የሚመጣውን የቫይቫክስ ተውሳክ ግን ሲሻገር የሚፈትሸው ኬላ የለም።

ቫይቫክስ ከፋልሲፓረም በምን እንደሚለይና ወደ ቀይ ሕዋስ እንዴት እንደሚገባ ለመግለጥ ወደ ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ልውሰዳችሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የሕመምተኛውን ጣት ወግታ፣ ጠብታውን በመስታወት ላይ አንዱን በወፍራሙ አንዱን በስሱ ቀብታ፣ አድርቃ፣ ጊምዛ በተባለው ቀለም ነክራ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ በትልቁ ሌንስ ስትመለከት፣ በቫይቫክስ የተያዘው ቀይ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ገዝፎ፣ በቀያይ ነጠብጣቦች ተሞልቶ፣ ተውሳኩም በውስጡ ወጥ ቅርጽ አጥቶ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ ይታያታል፤ በፋልሲፓረም የተያዘው ግን መጠኑ አይለወጥም፤ በውስጡ የሚታየውም ቀጭን ቀለበት ነው። ቫይቫክስ ከመቅኔ ገና የወጡትን ወጣት ቀይ ሕዋሳት መርጦ ይገባልና። የመግባቱ ሥራ በእርስዋ መነጽር አይታይም፤ ተውሳኩ በሕዋሱ ገጽ ላይ አርፎ ይገላበጣል፤ ሾጣጣውን ጫፉን ወደ ገጹ ያዞራል፤ ከጫፉም የሚያወጣው የዳፊ ያዥ ፕሮቲን ከዳፊ ጋር ሲጣበቅ፣ በሁለቱ መካከል ጠባብ መገጣጠሚያ ተፈጥሮ፣ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሕዋሱ ራሱ እየተጠቀለለለት ወደ ውስጥ ይገባል። የሚያስቆጣው ነገር፣ ተውሳኩ የሚጣበቅበት ክፍል ኬሞካይኑ ከሚጣበቅበት ክፍል ጋር የሚጎራበት መሆኑ ነው፤ ለፈውስ የተዘጋጀውን ስፍራ ለራሱ መግቢያ አድርጎታል።

እንግዲህ ዳፊ የሌለው ሰው ከወባ ሁሉ የዳነ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ፋልሲፓረም በሌሎች ፕሮቲኖች በኩል ስለሚገባ ዳፊ መኖሩም አለመኖሩም አያግደውም፤ እንዲያውም በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በፋልሲፓረም የተያዘውን ቀይ ሕዋስ ሲገድሉ መሣሪያቸውን የሚያሳርፉት በዳፊ በኩል እንደ ሆነ አሳይቷልና፣ ለአንዱ ወባ መከላከያ ሆኖ ያገለገለው መታጣት ለሌላው ወባ ትጥቅ መፍታት ሊሆን ይችላል። ቫይቫክስም ቢሆን ተስፋ አልቆረጠም። በ2010 ከማዳጋስካር፣ ከ2013 ጀምሮም ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው መገኘታቸውን አረጋግጠዋል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ብዙ ደክመዋል። ከእነዚህ ሕመምተኞች በተወሰዱ አንዳንድ የኢትዮጵያ ተውሳኮች ላይ የዳፊ ያዡ ፕሮቲን ዘረመል ቅጂ በዝቶ በመገኘቱ፣ ተውሳኩ ብልሃቱን ያበዛው ዳፊ የሌለውን ሕዋስ ለመድፈር ነው ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ብዜት ሰዎቹ ሁሉ ዳፊ ባላቸው በካምቦዲያም ስለ ታየ፣ ይህን ማብራሪያ ብቻውን የበቃ አድርጌ አልወስደውም። በ2023 የታተመው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ የበለጠ ያሳምነኛል፤ ዳፊ የለውም በተባለው ሰው የአጥንት መቅኔ ውስጥ፣ ቀይ ሕዋስ ገና እየተሠራ ሳለ፣ ዳፊ ለጥቂት ጊዜ በገጹ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ቫይቫክስም በመቅኔ ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው የተውሳክ ቁጥር ዘወትር እጅግ ጥቂት የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂትም ስለ ሆነ በመስታወቱ ላይ ሳይታይ፣ ሰውየውም ነፃ ነህ ተብሎ ሳይታከም ያልፋል።

አሁን ከወባ ወጥቼ ስለ ነጭ ደም ቁጥር ጥቂት ልናገር፤ ይህን ነገር በተለይ ለጤና ባለሙያዎቻችን አደራ እላለሁ። በመጻሕፍት የተጻፈው ልክ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ከ1500 ቢያንስ ሰውየው መከላከያው የተዳከመ ነው ይላል። ይህ ልክ የተቆረጠው ከአውሮፓውያን ደም ነው። ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ግን ጤነኞች ሆነው ሳሉ ቁጥራቸው ከዚህ በታች ሲገኝ ይታያል፤ በ2009 የተደረገው የዘረመል ጥናት ለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ምክንያቱ ያቺው የዳፊ ፊደል መሆኗን ለየ፤ በ2017 ደግሞ ዳፊ በሌለበት መቅኔ የሚወለዱት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ተለውጦ ከደም ወደ ሥጋ ቶሎ እንደሚወጡ ታየ። ሠራዊቱ አላነሰም፤ በደም ውስጥ ስንቆጥረው አላገኘነውም እንጂ። ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ላይ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር አስቀድሞ ተስተውሎ፣ ጉዳት የሌለው የነጭ ደም ማነስ ተብሎ ተጽፏል። ሳይታወቅ ሲቀር የሚያስከትለው ግን ቀላል አይደለም፤ ለካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደምህ አነሰ ተብሎ መጠኑ ይቀነስበታል ወይም ቀጠሮው ይራዘምበታል፤ ሌላ መድኃኒት ያልሠራለት የአእምሮ ሕመምተኛም ክሎዛፒን የተባለውን መድኃኒት ይከለከላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የክሎዛፒኑን መነሻ ልክ ወደ 1000 ዝቅ አድርጓል። በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክትም ሲዲ 4 የተባሉትን የነጭ ደም ሕዋሳት ሲቆጥር፣ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከደች ጤነኞች የተለየ ቁጥር እንዳላቸው አስረድቶ ነበር። ላቦራቶሪዎቻችን ከማሽኑ ጋር ተልኮ የመጣውን ልክ በውጤቱ ወረቀት ላይ እንዳለ ማተማቸው እስከ ዛሬ አልቀረምና፣ ይህን ነገር እንደ ትንሽ ስሕተት ለማየት አልችልም።

ስለ ፈውሱ ከሚነገረው ተስፋ ያለበትም፣ ተስፋ የተቆረጠበትም አለ። የኬሞካይን ተቀባዮች በታወቁ ጊዜ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የቁርጥማትንና የመሳሰሉትን ብግነት አንዱን ተቀባይ በመድፈን እናቆማለን ብለው ብዙ ገንዘብ አፈሰሱ፤ አብዛኛው ሙከራ ግን ከሰው ላይ ሲደርስ ከሸፈ፤ አንዱ ጥሪ ሲዘጋ ሌላው ይጠራልና። የተሳካው ከብግነት ውጭ ባለው ወገን ነው። ሲሲአር 5 የተባለው ተቀባይ ለኤችአይቪ መግቢያ መሆኑ በ1996 ሲታወቅ፣ በእኛ ሕዝብ ላይ የማይገኝ ያህል ብርቅ የሆነው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ግን የሚታየው የዘረመል ጉድለት ከሁለት ወላጆቹ የወረሰውን ሰው ከቫይረሱ እንደሚጠብቀው ታየ። ይህን ተቀባይ የሚደፍነው ማራቪሮክ በ2007 ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው የደም ካንሰር ሕመምተኛ ይህ ጉድለት ካለበት ሰው መቅኔ ተቀብሎ ከኤችአይቪ ነፃ ሆነ፤ እስከ 2020 ዕለተ ሞቱም ቫይረሱ አልተመለሰበትም። ሌላ የኬሞካይን ተቀባይ የሚደፍነው ፕለሪክሳፎር ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የመቅኔ ሕዋሳትን ወደ ደም አውጥቶ ለንቅለ ተከላ ለመሰብሰብ ያገለግላል።

ዳፊን ራሱን የሚደፍን መድኃኒት ግን በሐኪም እጅ የለም፤ ስለዚህ ለቫይቫክስ ያለን መንገድ ተውሳኩን በያለበት መግደል ነው። በደም ውስጥ ያለውን ክሎሮኩዊን በሦስት ቀን ይገድለዋል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል፤ ያ ሕመምተኛ ወደ ማሽላው ማሳ ይመለሳል። በጉበት ውስጥ ተኝቶ የቀረውን ግን ክሎሮኩዊን አይነካውም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ተነሥቶ፣ ትንኝ ሳትነክሰው ሰውየውን ዳግመኛ ያስተኛዋል። ይህን የሚገድለው ፕሪማኩዊን አሥራ አራት ቀን ይወሰዳል፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በጎደለው ሰው ላይ ግን ቀይ ደሙን ሊያፈርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የለቀቀው ገበሬ የቀሩትን አሥራ አንድ ቀናት ክኒን ይውጥ ዘንድ ማስረዳት፣ ከዚህ ሁሉ ምርምር ይልቅ የሚከብድ ሥራ መሆኑን የጤና ኬላ ሠራተኞች ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ።

የክትባቱ ነገር ይቀረኛል። ተውሳኩ ከዳፊ ጋር የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ቆርጠው ክትባት ያደረጉት ሊቃውንት፣ ኦክስፎርድ ላይ በፈቃደኞች ሞክረውት ውጤቱን በ2023 አሳትመዋል፤ የተከተቡት ሰዎች ሆን ተብሎ በቫይቫክስ ሲያዙ፣ ክትባቱ በተራራቀ ጊዜ በተሰጣቸው ላይ የተውሳኩ የመራባት ፍጥነት በአማካይ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ግማሽ ሙሉ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ግን በዚህ በኩል ይህን ያህል የደረሰ አልነበረም። ክትባቱ የተቀረጸበት የተውሳክ ዝርያ ከኤል ሳልቫዶር፣ የተፈተነበት ደግሞ ከታይላንድ የተገኘ ነው፤ ሁለቱም ዳፊ በሰፊው ከሚገኝበት ሕዝብ የወጡ ናቸው። በመቅኔ ውስጥ ተሸሽጎ ለሚኖረውና ዳፊ ያለውንም የሌለውንም ለሚያሳምመው የኢትዮጵያ ቫይቫክስ ይበቃ እንደ ሆነ የሚታወቀው፣ ሁለቱ ዓይነት ደም በአንድ ቤት በሚያድርበት በእንዲህ ያለ አገር ሲፈተን ነው። ሰዓቱን አላጥብባችሁ፤ የቀረውን ለጥያቄያችሁ ትቼዋለሁ።